ርካሹ ፓኬጅ ያዋጣል ወይ? የክፍያ ቴሌቪዥን ስሌት ለወሎ ቤተሰብ

አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ቡና ላይ ጠየቁኝ። ልጃቸው ቅዳሜና እሁድ ከቤት ይጠፋል። ኳስ ቤት ነው የሚውለው። «ልጄ፣ ይሄን ርካሹን ዲሽ ባስገባለት ቤቴ ይቀመጥልኛል? ወይስ ብሬን ልበትነው ነው?» አሉኝ። አቦል ላይ የጀመርነው ወሬ በረካው ተጠጥቶም አላለቀም። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ ውስጥ ሰማይ ላይ ያለ ሳተላይትም፣ የዶላር ምንዛሪም፣ የእንግሊዝ ሊግ መርሐ ግብርም አለበት። ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ይህንኑ የሚጠይቅ ሰው ስለማይጠፋ፣ ለእሳቸው የነገርኳቸውን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ፣ ምን ዓይነት ክፍያ ነው የምናወራው?

ሦስት ነገሮች ስለሚምታቱ እንለያቸው።

አንደኛው ነጻ ስርጭት ነው። ዲሽና ሪሲቨር አንዴ ትገዛላችሁ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ብር የሚጠይቃችሁ የለም። ኢቢሲ፣ ፋና፣ አሚኮ፣ ኢቢኤስና ካና እንዲህ ነው የሚታዩት።

ሁለተኛው ወርሃዊ ክፍያ ነው። ዲኤስቲቪ ዋናው ምሳሌ ነው። ዲኮደር ይገዛል፣ በየወሩ ይከፈላል፣ ካልተከፈለ ቻናሉ ይዘጋል።

ሦስተኛው በእይታ ክፍያ ይባላል። ለአንድ ዝግጅት ብቻ ከፍሎ ማየት ማለት ነው። ውጭ አገር ትልልቅ የቦክስ ግጥሚያዎች በዚህ መንገድ ይሸጣሉ። ደሴ ፒያሳ ላይ ወይም ሸዋ በር ይህን ሥራ የሚሠራው ኳስ ቤቱ ነው። መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ጨዋታውን ታያላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ሁላችንም በቴሌቪዥን በእይታ ስንከፍል ኖረናል፤ ስሙን ብቻ ነው ያላወቅነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኳስ ቤት የሚሸጥላችሁ ጨዋታ ነው። ወርሃዊ ክፍያ የሚሸጥላችሁ ጊዜ ነው። ልክ እንደ ቤት ኪራይ። አደራችሁበትም አላደራችሁበትም ወሩ ይቆጠራል። መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን ብትቀመጡ፣ ለቅሶ ሐይቅ ሄዳችሁ ሳምንት ብትቆዩ፣ ቀኑ አይጠብቃችሁም።

ምልክቱ ጣሪያዬ ላይ የሚደርስ ከሆነ ለምን እከፍላለሁ?

ይህን ብዙ ሰው በቁጭት ይጠይቃል። እውነትም ምልክቱ ጣሪያችሁ ላይ ይደርሳል። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለ ሳተላይት ነው የሚልከው። ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለእኛ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ዲሹ አንዴ ተስተካክሎ የሚታሰረውም ለዚህ ነው። ምልክቱ እንደ ዝናብ ነው። ከፋዩ ጣሪያ ላይም፣ ያልከፈለው ጣሪያ ላይም እኩል ይወርዳል።

ግን ተቆልፎ ነው የሚወርደው። ምስሉና ድምፁ ከመላኩ በፊት ይደበላለቃል። መልሶ የሚያስተካክለው ቁልፍ ያለው ዲኮደሩ ውስጥ ነው። ስትከፍሉ ኩባንያው በዚያው በሳተላይቱ በኩል «የዚህ ቁጥር ባለቤት ከፍሏል፣ ክፈትለት» የሚል ትእዛዝ ይልካል። ዲኮደሩን አብርታችሁ ጠብቁ የሚባለው ስለዚህ ነው። ተዘግቶ ከነበረ ትእዛዙ አይደርሰውም።

አቅጣጫም ጉዳይ ነው። ዲኤስቲቪ ወደኛ የሚመጣበት ሳተላይት 36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። ደሴ 39 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ሳተላይቱ ከአናታችን ብዙም አይርቅም፤ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ዲሹ ወደ ሰማይ የተንጋለለ የሚመስለው ለዚህ ነው። የአገር ውስጥ ቻናሎች የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ላይ ነው፣ ወደ ምሥራቅ። ናይልሳት ደግሞ በጣም ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። «አሮጌው ዲሽ ይበቃሃል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ፣ ያ ዲሽ የሚያየው ወዴት እንደሆነ ጠይቁ። ለኢትዮሳት የታሰረውን ወደ ዲኤስቲቪ ካዞራችሁት አሚኮን ትሰናበታላችሁ ማለት ነው። አብዛኛው ቤት ሁለተኛ ዲሽ ያስፈልገዋል። ይህ ወጪ ማስታወቂያው ላይ አይጻፍም።

ርካሹ ፓኬጅ ለምን ረከሰ?

ፓኬጅ ማለት በአንድ ዋጋ የሚሸጥ የቻናሎች ጥቅል ነው። ዲኤስቲቪ ለኢትዮጵያ ያዘጋጃቸው ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ፣ ሜዳ ስፖርት፣ ፕሪሚየም እያሉ እንደ መሰላል ይወጣሉ። ከታች ያለው ርካሽ ነው። በየደረጃው ስትወጡ ዋጋውም ኳሱም ይጨምራል።

ርካሹ የረከሰው ውድ የሆነው ነገር ስለወጣለት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ከሁሉ ውዱ ነገር ደግሞ በቀጥታ የሚተላለፍ ትልቅ የኳስ ጨዋታ ነው። ፊልም ነገም ይታያል። ድራማ ይደገማል። ጨዋታ ግን ካለቀ አለቀ። ስለዚህ የማሳየት መብቱ በብዙ ገንዘብ ይገዛል፣ ያም ገንዘብ ከላይኞቹ ፓኬጆች ነው የሚሰበሰበው።

የታችኛው ፓኬጅ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። የአማርኛ ድራማ ለሚወድ ቤት ቁም ነገር አለው። አቦል የተባለው የአማርኛ ቻናል እ.ኤ.አ. በ2021 ተጀምሮ የአገራችንን ተዋንያን ሥራ እያሳየ ነው። ስሙ ራሱ ከጀበናው ነው የመጣው። የእኛው ፕሪሚየር ሊግም ታይቶበታል። በ2013 ዓ.ም. የዲኤስቲቪ የስፖርት ክፍል የሆነው ሱፐርስፖርት ሊጉን ለ5 ዓመት የማሳየት መብት ገዝቶ ጨዋታዎቹ በአማርኛ መተላለፍ ጀመሩ። ለወሎ ሰው ትንሽ የሚያስቆጨው፣ ወልድያ በፕሪሚየር ሊጉ ትጫወት በነበረበት ጊዜ ይህ ስርጭት አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ የጎረቤቴ ልጅ የሚፈልገው የእንግሊዝ ሊግ ከሆነ፣ ዋናው ጥያቄ «ስንት ቻናል አለው?» አይደለም። «የልጁ ቡድን ጨዋታ በየትኛው ቻናል ቁጥር ይተላለፋል? ያ ቁጥር በዚህ ፓኬጅ ውስጥ አለ?» ነው። ከ60 ቻናል 58ቱን የማያይ ሰው የገዛው 2 ቻናል ነው።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ሱቅ «ኳስ አለው» ብሎ አንድ አገልግሎት ሸጠልኝ። ኳስ ነበረው፣ አልዋሸኝም። ግን የሳምንቱ ትልቁ ጨዋታ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ «ፓኬጅዎን ያሳድጉ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ሰው ጋብዤ፣ ቆሎና ቡና አቅርቤ፣ ያንን ጽሑፍ አብረን አነበብን። እየተጣደፍን ወደ ኳስ ቤት ወረድን። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው።

ለምን የምፈልገውን አንድ ቻናል ብቻ አልገዛም?

ሰኞ ባቲ ገበያ ወጥታችሁ በርበሬ ብቻ ፈለጋችሁ እንበል። ነጋዴው ግን «በርበሬውን የምሸጠው ከሽንኩርቱ፣ ከጨውና ከአብሹ ጋር ነው» ቢላችሁ ትናደዳላችሁ። ጥቅል እንዲህ ነው የሚሠራው። ኩባንያው ለብዙ ቻናሎች በአንድ ላይ ይከፍላል፣ ለብዙ ሰው በአንድ ላይ ይሸጣል። ኳስ የማያዩ እናት ለኳሱ ያዋጣሉ። ድራማ የማያይ ልጅ ለድራማው ያዋጣል። ቻናል በነጠላ ቢሸጥ ኳሱ ብቻውን እጅግ ይወደዳል፣ ጥቂት ተመልካች ያላቸው ቻናሎች ደግሞ ይዘጋሉ።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ጥቅል የሚያዋጣው ብዙ ዓይነት ሰው ያለበት ቤት ነው። እናት ድራማ፣ ሕፃን ካርቱን፣ ልጅ ኳስ፣ አባት ዜና የሚያዩበት ቤት ከበርበሬውም ከሽንኩርቱም ይጠቀማል። ለብቻው ተከራይቶ ለሚኖር የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ሽንኩርቱ ይበሰብሳል።

እሺ፣ ስሌቱን እንሥራ

ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀየር እዚህ የምጽፋቸው ቁጥሮች ለስሌት ምሳሌ ብቻ ናቸው። የእናንተን አስገቡበት።

ወርሃዊው ክፍያ 600 ብር ነው እንበል። ዲኮደር፣ ዲሽና የሠራተኛ ዋጋ አንድ ላይ 3,600 ብር ወጣ እንበል። ዕቃው ቢያንስ 2 ዓመት ያገለግላል ብለን ለ24 ወር ስናካፍለው በወር 150 ብር ይመጣል። ስለዚህ እውነተኛው የወር ወጪ 600 ሳይሆን 750 ብር ነው። ብዙ ሰው ይህን 150 ይረሳዋል።

የኳስ ቤት መግቢያ 30 ብር ቢሆን፣ 750 ብር 25 ጨዋታ ያሳያል። በወር ከ25 ጨዋታ በታች የሚያይ አንድ ሰው፣ በብር ብቻ ካሰበው ኳስ ቤቱ ይሻለዋል።

አሁን ልጁ በወር ስንት ጨዋታ ያያል? የእንግሊዝ ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 38 ጨዋታ ይጫወታል። ይህ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ይዘረጋል። በወር በአማካይ 4 ገደማ ነው። ቡድኑ ቻምፒየንስ ሊግ ካለ፣ ከ2024 ወዲህ በመጀመሪያው ዙር 8 ጨዋታ ይጨመራል። ስለዚህ የአንድ ቡድን ደጋፊ በወር 5 ወይም 6 ጨዋታ ነው የሚያየው። በ30 ብር ቢባዛ ከ180 ብር አያልፍም። ከ750 ጋር አይወዳደርም።

ግን ስሌቱ እዚህ ካቆመ ያሳስታል። እዚያ ቤት አንድ እህት አለች። ኳስ ትወዳለች፣ ኳስ ቤት ግን አትሄድም። ቦታው ለሴት ልጅ አይመችም፣ በተለይ ማታ። አብዛኛው የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው የሚጀምረው። ሲያልቅ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል። አያትም አሉ፤ ለእሳቸው ዳገቱን ወርዶ መውጣት አይታሰብም። ለእነዚህ ሰዎች የኳስ ቤት ዋጋ 30 ብር አይደለም። ጭራሽ አይገዙትም። ስለዚህ «በእይታ ስንት ወጣ?» ስትሉ የምታካፍሉት ለልጁ ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ በእውነት ለሚያየው ሰው ሁሉ ነው። አራት ሰው በቀን አንድ ነገር ቢያይ በወር 120 እይታ ነው። 750 ለ120 ሲካፈል 6 ብር ከሩብ ነው። ያኔ ነገሩ ይገለበጣል።

ማካፈሉ ግን በተስፋ መሆን የለበትም። «እናያለን» ብሎ መቁጠር ያታልላል። ለሁለት ሳምንት ቤታችሁ ውስጥ ማን ምን እንዳየ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። መብራት የጠፋበትንም ቀን ጻፉ። ከዚያ አካፍሉ። ጎረቤቴን ያልኳቸው ይህንን ነው።

ሰኔና ሐምሌስ?

ትልልቆቹ የአውሮፓ ሊጎች ሰኔና ሐምሌ ላይ የሉም። እኛ ጋ ክረምት ሲገባ እነሱ ዘንድ ኳሱ ያርፋል። በየ4 ዓመቱ የሚመጣው የዓለም ዋንጫ ወይም የአውሮፓ ዋንጫ ካልሆነ በቀር ኳስ ብቻ የሚያይ ሰው በእነዚያ ወራት የሚከፍለው ለባዶ ሜዳ ነው። አብዛኛው አገልግሎት ወር በወር ስለሚከፈል ሁለት ወር ማቋረጥ ይቻላል። ዲኮደሩ የእናንተ ነው፣ የትም አይሄድም። በዚያ ጊዜ ከላይኛው ፓኬጅ ወደ ታችኛው መውረድም ሌላ መንገድ ነው። ልጅ ኳስ፣ እናት ድራማ የሚያዩ ከሆነ ይህ የተሻለ ነው።

ዝናብና ጉም ምስሉን ያጠፋዋል?

ደሴ ላይ ምስል ሲቆራረጥ ወዲያው «ጉሙ ነው» ይባላል። ጉም ግን ለዚህ ምልክት ብዙም አይከብደውም። የሚከብደው ኃይለኛ ዝናብ ነው። የዝናቡ ጠብታ ምልክቱን ይመጠዋል፣ ይበትነዋል። የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ለደቂቃዎች መጥፋቱ የተለመደ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳል። ዝናብ ሳይኖር የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ዲሹ በነፋስ ተንቀሳቅሷል፣ ወይም ከዲሹ ፊት ያለችው ምልክት ተቀባይ፣ ኤልኤንቢ የምትባለው፣ ውሃ ገብቶባታል፣ ወይም ገመዱ ተልጧል። ሠራተኛ ሲመጣ ገመዱ የሚገባበትን ቦታ በደንብ እንዲሸፍነው ጠይቁት። በካፊያ የሚጠፋ ዲሽ መጀመሪያውኑ በትክክል አልተስተካከለም።

በስልክ ብናየውስ?

ይቻላል፣ ግን ዳታው ነው ነገሩ። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በመካከለኛ ጥራት 1 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ሊደርስ ይችላል። አንድ ጨዋታ ከእረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ነው። በወር 6 ጨዋታ ካላችሁ ለዳታ የሚወጣውን አስቡት። ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ቆይቷል። ያኔ በስልክ ማየት አልተቻለም፤ ሳተላይቱ ግን ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራት ካለ ይሠራል።

ዋጋው ለምን ይጨምራል?

የውጭ ኳስና ፊልም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። እናንተ የምትከፍሉት በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በዶላር ዋጋው ያልተቀየረ ነገር በብር እጥፍ ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። የአገር ውስጥ ዝግጅት የበዛበት ፓኬጅ ይህ ጫና ይቀልለታል፣ ወጪው በብር ስለሆነ። ርካሹ ፓኬጅ ርካሽ ሆኖ የሚቆይበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በተጨማሪ፣ የዲኤስቲቪ ባለቤት የሆነውን መልቲቾይስን የፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ በእጁ አስገብቶታል። ባለቤት ሲቀየር የፓኬጅ ዝርዝርም ሊቀየር ይችላል። ጓደኛችሁ ዓምና የነገራችሁን ዝርዝር ሳይሆን የዛሬውን ተመልከቱ።

ነጻውስ አይበቃም?

ለብዙ ቤት ይበቃል፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ኢትዮሳት ላይ የአገር ውስጥ ቻናሎች አሉ። ናይልሳት ላይ የዓለም ዜና፣ የውጭ ፊልም፣ የሃይማኖት ቻናሎች አሉ። ዜና፣ ድራማና መንፈሳዊ ፕሮግራም ብቻ የሚያይ ቤት ለርካሹ ፓኬጅ የሚከፍለው ቀድሞ ለያዘው ነገር ነው። ወርሃዊ ክፍያ የሚጨምረው ነገር በዋናነት የቀጥታ ኳስና አዳዲስ ተከታታይ ድራማ ነው።

«ክራክ» እያሉ የሚሸጡትስ?

«አንዴ ክፈል፣ ለዘላለም እይ» የሚል ሰው ይመጣባችኋል። ቀደም ብዬ ያልኩትን ቁልፍ አስታውሱ። ያ ቁልፍ በየጥቂት ሴኮንዱ ይቀየራል። የተሰረቀው መንገድ የሚሠራው ከሌላ ቦታ አዲሱን ቁልፍ እየተቀበለ ነው፤ ያ ሲዘጋ ብራችሁ አብሮ ይቀራል። ሕገ ወጥም ነው። ለቤት የተገዛ ዲኮደር ይዞ ኳስ ቤት መክፈትም እንደዚያው አይፈቀድም፤ ለንግድ ቤት የራሱ ፓኬጅ አለ፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

ጎረቤቴ ወረቀቱን ሞልተው መጡ። በሁለት ሳምንት ልጁ 3 ጨዋታ ነው ያየው። እሳቸውና ሴት ልጃቸው ግን በየማታው ድራማ ላይ ናቸው፣ እሱንም በኢትዮሳት ነው የሚያዩት። አራት ቀን መብራት አልነበረም። ወረቀቱን አጣጥፈው መሶቡ ሥር አስቀመጡት። ነሐሴ ላይ ሊጉ ሲጀምር እንደገና ሊሞሉት ነው።